የሚላክ ልጅ የሌለበት ግቢ

ዕድሜዬ 68 ደርሶ፣ ከመምህርነት በጡረታ ከተሰናበትሁ 8 ዓመት አልፎኝ፣ በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳን ራሴን ችዬ ኖሬ እንደማላውቅ የተረዳሁት ባለፈው የፍልሰታ ጾም ሰሞን ነው። ይህን ያስረዳችኝ አሜሪካ የምትኖረው ልጄ ስትሆን፣ ያስረዳችኝም በቴሌግራም በላከችልኝ ባለ 24 ገጽ፣ ባለ ቀለም መግለጫ ነው። መግለጫው «ራሳቸውን ችለው ለሚኖሩ አረጋውያን» ተብሎ ስለተሠራ አንድ የአፓርታማ መንደር ያትታል። ልጄ ከሥሩ «አባዬ፣ እንዲያው አንብበው እንጂ ግዴታ የለብህም» ብላ ጽፋለች። 38 ዓመት ያስተማረ ሰው፣ «ግዴታ የለብህም» የሚባለው ፈተና ሊመጣ ሲል መሆኑን አይስተውም።

በመጀመሪያ ሥዕሎቹን አየሁ። በየገጹ ጠጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ጥርሳቸው ግን ከጠጉራቸውም የባሰ የነጣ ሰዎች ይስቃሉ። ሰላጣ እየበሉ ይስቃሉ፤ አበባ እያጠጡ ይስቃሉ፤ አንዱማ ብቻውን ተቀምጦ መጽሐፍ ሲያነብ ይስቃል። እኔ በሽማግሎች መካከል ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ፤ አራት ሽማግሎች በአንድ ጊዜ ሲስቁ ያየሁት ግን አምስተኛው ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ብቻ ነው።

ነገርን በሥዕል መፍረድ ስለማይገባ ጽሑፉን መነጽሬን አድርጌ ገባሁበት፤ ያልገባኝንም ልጄ በስልክ አብራራችልኝ። መንደሩ እኛ «መጦሪያ» የምንለው አይደለም። ነርስ የለውም፤ የሚያጎርስም የሚያለብስም የለውም። ነዋሪው የራሱ መኝታ ቤት፣ የራሱ ማድ ቤትና የራሱ ቁልፍ ያለው ተከራይ ሲሆን፣ ጣሪያ ሲያፈስ፣ ቧንቧ ሲበላሽ ወይም በረዶ ደጁን ሲዘጋው ግን ጣጣው የአስተዳደሩ ነው። ሊፍት አለ፤ የጋራ መመገቢያ አዳራሽ አለ፤ ወደ ገበያና ወደ ሐኪም የሚያደርስ አነስተኛ አውቶቡስ አለ፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥም የወደቀ ሰው የሚስበው ገመድ ተንጠልጥሏል። አሜሪካኖች በዚህ ነገር በሰፊው የገቡበት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በጥር ወር 1960 ሰን ሲቲ የተባለው የጡረተኞች ከተማ አሪዞና ውስጥ ከተከፈተ ወዲህ ነው። ኪራዩ በወር 3,500 ዶላር ነው፤ ሜዲኬር የሚሉት የመንግሥታቸው የጤና መድንም ይህን ዓይነቱን ኪራይ አይከፍልም። በባንክ ምንዛሪ ወደ ብር መልሼ ለጡረታ አበሌ አካፈልሁት። የሒሳብ መምህር ነበርሁና ውጤቱን ባላምነው ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ የአንድ ወር ኪራይ የ8 ዓመት ከጥቂት ወራት አበል ሆነ። ሁለት ሥራ የምትሠራው ልጄ «ስለ ገንዘቡ አንተ አታስብ» አለችኝ።

የዕድሜው ጉዳይ በሕግ የተወሰነ ነው። አሜሪካ በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ልጆች ላሉት ቤተሰብ «አላከራይም» ማለትን በሕግ ስትከለክል የአረጋውያንን መንደሮች ለይታ ተወቻቸው፤ በ1995 ደግሞ የእነዚህኑ ደንብ አሻሻለችው። በአንደኛው ዓይነት መንደር ነዋሪው ሁሉ 62 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ በሌላው ዓይነት ከ100 ቤቶች ቢያንስ በ80ው ውስጥ አንድ 55 ዓመት የሞላው ሰው መኖር አለበት፤ ዕድሜውም በሰነድ ይረጋገጣል። ይህን በዕድራችን ስብሰባ ላይ ባወሳሁ ጊዜ ጸጥታ ሆነ። የዕድራችን ጸሐፊ 60 ሲሞላው ጡረታ እንዳይወጣ በወጣትነቱ አርቆ በማሰብ ከዕድሜው ላይ 10 ዓመት ያስቀነሰ ሰው ነው፤ ስለዚህ ምርኩዝ ይዞ እየሄደ በሰነድ ግን ገና 61 ስለሆነ 62 ወደሚጠይቀው መንደር አይገባም። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ የተወለዱበት ዘመን እንደ ነገሩ ይለያያል። ለአረጋውያን ዘይት የሚታደል ከሆነ የተወለዱት ጣሊያን ሲገባ ነው፤ ስለ ሟች ባሎቻቸው ሲወራ ግን ጣሊያን ከወጣ ከስንት ዘመን በኋላ ነው።

ከሕጉ ሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን የልጆቹ ነገር ነው። በዚያ ግቢ ልጅ አይኖርም። ታዲያ ማን ይላካል? ጎንደር ውስጥ ሽማግሌ መሆን ማለት በመንገድ የሚያልፈውን ልጅ፣ የማንም ይሁን የማን፣ «ና እስቲ አንተ ልጅ» ብሎ ጠርቶ ወደ ሱቅ የመስደድ ሥልጣን ማግኘት ማለት ነው። ይህን ሥልጣን ለማግኘት እኔ የልጅነት ዘመኔን በሙሉ ተልኬአለሁ። ጨው ተልኬአለሁ፤ ላምባ ተልኬአለሁ፤ ጎረቤት የተዋሰውን ወንፊት ለማስመለስ ተልኬ፣ ወንፊቱ ለሌላ ጎረቤት ስለተዋሰ እዚያም ተልኬአለሁ። አንድ ጊዜ አያቴ ከአራዳ አዘዞ ድረስ ልከውኝ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ወርጄ ያደረስሁት መልእክት «አልመጣም» የሚል አንድ ቃል ነበር። ያን ሁሉ ብድር አከማችቼ ወደ ማስመለሱ ስደርስ፣ ተበዳሪው ወደማይገባበት ግቢ ግባ እባላለሁ። ልጄ «የልጅ ልጆችህ እየመጡ ይጠይቁሃል» ትለኛለች። ሊጠይቅ የመጣ ልጅ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሽንኩርት አምጣ አይባልም።

እንግዳ ካልሁ ዘንድ፣ ውሉ ማንኛውም እንግዳ በተከታታይ ከ14 ሌሊት በላይ እንዳያድር ይደነግጋል። ይህን ያረቀቀው ሰው በጥምቀት ሰሞን ጎንደርን አላያትም። ለጥምቀት የመጣ ዘመድ በፋሲለደስ መዋኛ ጠበል ተረጭቶ፣ ታቦታቱን ሸኝቶ፣ ከዚያ «ዐቢይ ጾም ሳይገባ እሄዳለሁ» ብሎ፣ ጾሙ ሲገባም «እንግዲህ ፋሲካን ሳልውል?» ብሎ ይቆያል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገብቶ፣ በመሐል ወዲያ ወዲህ ቢልም፣ ጨርሶ ለቆ የሄደው በ1771 መጨረሻ ነው፤ ከአስተናጋጆቹ አንዷ የነበሩት እቴጌ ምንትዋብም ቁስቋም ሆነው ሌሊቱን ሲቆጥሩ አልተሰሙም።

እንዲያውም ራስን ችሎ ለመኖር ከእቴጌ ምንትዋብ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ ካረፉ በኋላ ከነገሥታቱ ግቢ ወጣ ብለው ቁስቋም ላይ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ኖሩ፤ ጥገናው የሌላ ሰው ጣጣ፣ አዳራሹ ሰፊ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከደጅ ነበር፤ የጎደላቸው የመታጠቢያ ቤቱ ገመድ ብቻ ነው። የፋሲል ግቢስ ቢሆን? ከፋሲለደስ በኋላ የነገሡት አብዛኞቹ በቀድሞው ቤት አንገባም እያሉ በዚያው አጥር ውስጥ የየራሳቸውን አሠሩ፤ ዛሬ ቱሪስት ከፍሎ የሚጎበኘው እንግዲህ አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ያቃታቸው መሆኑን ነው። ሰውን ለይቶ ማኖር ካስፈለገም ነገሥታቱ መንገዱን አሳይተውናል፤ ዙፋን ይመኛሉ ተብለው የተፈሩትን የንጉሥ ዘሮች ወህኒ አምባ ተራራ ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። ሽማግሌው ከተማ ይቀራል፤ ጎረምሳው ተራራ ይወጣል። አሜሪካኖች ነገሩን ገልብጠው ነው የያዙት።

ቡናን በሚመለከት ክርክሩ አጭር ነው። በየክፍሉ ጣሪያ ላይ ጢስ ሲሸተው የሚጮኽ መሣሪያ አለ፤ ከሰልም በቤት ውስጥ ይሁን በሰገነት ክልክል ነው። ልጄ እንዳጫወተችኝ፣ እሷ ባለችበት ከተማ በእንደዚህ ያለ ሕንፃ የሚኖሩ አንዲት እናት ቡና ቆልተው፣ እንግዶቻቸው ጢሱን እንዲያሸቱት ማንከሽከሻውን ሲያዞሩ መሣሪያው ጮኸ፤ የሕንፃው አረጋውያን ሁሉ በሌሊት ልብሳቸው ደጅ ተሰለፉ፤ የእሳት አደጋ መኪናም እያንባረቀ ደረሰ። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ታዲያ ለመጡት ሰዎች ቡናውን ቀዱላቸው?»

እራት የሚቀርበው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑ ግን፣ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ለሚቆይ ሰው መልካም ነው። ችግሩ «የአትክልት» ከተባለው ምግብ ላይ አይብ የሚነሰነስ መሆኑ ነው።

ወደ ገመዱ ልመለስ። በእኛ ሰፈር የገመዱን ሥራ የሚሠራው ሳል ነው። ሌሊት ሁለት ጊዜ ያሳልሁ እንደሆነ ማለዳ ጤና አዳም፣ ዝንጅብልና ማር የያዙ ሦስት ሴቶች ደጄን ያንኳኳሉ፤ አራተኛዋ ምንም ሳትይዝ የምትመጣው የሞትሁ መስሏት ነው። መግለጫው «የእንቅስቃሴ መርሐ ግብር» ብሎ በኩራት የዘረዘረውንም አይቻለሁ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ስፖርት፣ ቢንጎ፣ ሥዕል፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ለአንድ ሰዓት «ቡናና ጨዋታ»። የእኔ መርሐ ግብር በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ሆኖ፣ በመካከሉ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ሠልስት፣ ተዝካርና የባልና ሚስት ሽምግልና ይገባበታል። ነጻ እንዳይመስላችሁ። ከለቅሶ የቀረ ቅጣት ይከፍላል፤ ማኅበር የቀረ በሙሴው ፊት ቆሞ ምክንያቱን ይናገራል። ባለፈው ወር ቤቴ የዋልሁት 4 ቀን ሲሆን ሁለቱን ታምሜ ነው፤ ታምሜም 11 ሰው ስለጠየቀኝ ጋደም ማለት እንኳን አላገኘሁም። ቢንጎ በእነዚያ ሁለት ቀናት አምሮኝ እንደነበር አልደብቅም።

በ22ኛው ገጽ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። ነዋሪው መታጠብ፣ መልበስ ወይም መነሣት ያቃተው እንደሆነ በገንዘቡ ረዳት መቅጠር፣ አለዚያም እንክብካቤ ወዳለበት ወደ ሌላ ቤት መዛወር ይኖርበታል። እንግዲህ መንደሩ ሽማግሌን የሚቀበለው ሽማግሌው እስካላረጀ ድረስ ነው። በዚህ አንቀጽ ላይ በዕድሩ ብዙ ሳቅን፤ ሳቃችንን ያቋረጠው በዕጣ የደረሰው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሆነበት ወዳጄ ነው። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ ውኃ ሲጠፋ ጄሪካን የሚያወጣለት የቀን ሠራተኛ ፈልጎ ነው፤ ሦስት ልጆቹ በሦስት አገር ናቸው። እሑድ ለዕድር ይወርዳል፤ እሑድ ይወጣል፤ በቃ። የሊፍቱን ሥዕል ሲያይ እንደ ሥዕለ አድኅኖ ሊሳለመው ምንም አልቀረውም። ከዚያ መግለጫውን መለሰልኝና «ያን ገመድ ሲስቡት በእርግጥ ሰው ይመጣል?» አለኝ። አዎን፣ ይመጣል አልሁት።

በዚሁ ምክንያት «የራሳችንን እዚሁ እንሥራ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ባለ 9 አባል ኮሚቴ ተመረጠ። ኮሚቴው እስካሁን አራት ጊዜ ተሰብስቦ፣ መሬት ከመጠየቁ በፊት ልጆች ወደ ግቢው ለመላክ ያህል ብቻ እንዲገቡ ወስኗል፤ ሰብሳቢው ማን እንደሚሆን ግን አልተስማማም።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ደወለች። እሷ ዘንድ ሌሊት ነበር፤ ከሁለተኛው ሥራዋ መግባቷ ነው። ቤቴ ስድስት ሰው ተቀምጦ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። «እሺ አባዬ፣ እንግዲህ ወሰንህ?» አለችኝ። እኔ ጥቅሙን በቀኝ ጉዳቱን በግራ አድርጌ በደብተር ያዘጋጀሁትን መልስ ፍለጋ መነጽሬን ስዳብስ፣ እትዬ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው «እንደምን አደርሽ ልጄ፣ አይመጣም» አሏት። ቀጥሎ የዕድሩ ጸሐፊ ተቀብሎ የማይመጣበትን ምክንያት አብራራ፤ ሌሎቹም በየተራቸው ሰላም እያሏት ያንኑ አጸኑ። ስልኩ ዞሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ ተዘግቷል። ደብተሩን የጠየቀኝ የለም።

ለበረካው ስኳር አልቆ ኖሮ እትዬ በመስኮት ወደ መንገዱ ተመለከቱ፤ ልጆቹ ሁሉ ትምህርት ቤት ናቸው። ዞረው ሁላችንንም በዓይናቸው ከቆጠሩን በኋላ ከተቀመጥነው ሁሉ በዕድሜ የማንሰው እኔ መሆኔን ያለ ሰነድ አረጋገጡ። በሰነድ ከሄድን ጸሐፊው ከእኔ 7 ዓመት እንደሚያንስ ባስታውሳቸውም፣ ጸሐፊው ምርኩዙን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። እትዬም ከመቀነታቸው ብሩን ፈትተው ዘረጉልኝ፤ «ና እስቲ አንተ ልጅ።»