«ነው» እና «ሳይሆን አይቀርም»

ባለፈው ወር አንዲት ጎረቤታችንን ይዤ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። እትዬ ነው የምላቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ እንግሊዝኛቸው ግን ለሐኪም ቤት አይበቃም። ሐኪሟ የደም ምርመራውን አየችና «ኢት ማይት ቢ ዩር ታይሮይድ» አለች። ቀጥላም «ኢት ኩድ ኦልሶ ቢ ዘ ሜዲኬሽን»። እኔም «ታይሮይድ ሊሆን ይችላል፣ የሚወስዱት መድኃኒትም ሊሆን ይችላል» አልኳቸው። እትዬ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ያዙና «ታዲያ ሐኪሟ አታውቀውም ማለት ነው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ከልቤ አልወጣ አለ። ብዙዎቻችን አገር ቤት የለመድነው ሐኪም «ነው» ሲል ነው። «ታይፎይድ ነው» ይባላል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ አለቀ። እዚህ ግን ሐኪሟ ያመነችውን ያህል ብቻ ነው የምትናገረው። ልኩን የምትነግረን ደግሞ በትንንሽ ረዳት ግሶች ነው፤ ማስት፣ ሹድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ኩድ።

ከሁሉም የሚያስቸግረን «ማስት» ነው። ትምህርት ቤት ግዴታ ነው ተብለን ተማርን። ከአዲስ አበባ የመጣው የወንድሜ ልጅ ሥራ በጀመረ ሳምንት ባልደረባው «ዩ ማስት ቢ ታይርድ» አለው። ልጁ ማታ ቅር ብሎት ገባ። «ሊደክምህ ይገባል አለኝ» አለኝ። ሰውየው ግን «መቼም ደክሞሃል» ማለቱ ነበር፤ አዝኖለት ነው።

«ማስት» ጠንካራ ይመስላል እንጂ ከ«ነው» ይደክማል። የጎረቤትህን መኪና ደጅ ላይ ካየህ «ሂ ማስት ቢ ሆም»፣ ቤት ሳይኖር አይቀርም፣ ትላለህ። እሱን ራሱን በመስኮት ካየኸው ግን «ሂ ኢዝ ሆም»፣ ቤት አለ፣ ነው። የቋንቋ ተመራማሪው ላውሪ ካርቱነን በ1972 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጽፏል። የኛው «ሳይኖር አይቀርም»ም እንዲሁ ነው። በዓይንህ ላየኸው ሰው አትለውም፤ ከምልክት ተነስተህ የደረስክበት ነው። ሁለት «አይደለም» ተጋጥመው «ነው ለማለት ምንም አልቀረኝም» የሚል ሐሳብ ይወልዳሉ። እኔ ይህን አነጋገር እወደዋለሁ።

ስለዚህ ልኩ አማርኛም አለው። ልዩነቱ ቦታው ነው። እንግሊዝኛው ገና ከመነሻው ይነግርሃል፤ እኛ መጨረሻ ላይ እናመጣዋለን። ሐኪም ቤት ይህ ያስፈራኛል። «ካንሰር ሳይሆን አይቀርም» ለማለት ጀምረህ «ሳይሆን» ላይ ስልክ ቢጠራ፣ ታማሚዋ የሰማችው «ካንሰር አይደለም» ነው። በጥድፊያ «ካንሰር ነው» ብሎ የሚገላግልም አለ፤ ያ ደግሞ ሐኪሟ ያላለችውን ማለት ነው።

ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ለአማርኛ ተናጋሪም አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ትልቅ ነገር ነው። ቤተሰቡን ይዞ የሚሄደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ወይም ጎረቤት ነው። ይህቺን የዓረፍተ ነገሩን ጭራ፣ «አይቀርም»ን፣ እንዳይቆርጥ ማን ይንገረው?

በቀደም ለሁለተኛው ምርመራ ተመልሰን ሄድን። ሐኪሟ ተናግራ ሳትጨርስ እትዬ ክንዴን ያዙ። «የትኛውን ነው ያለችው?» አሉኝ። «ሊሆን ይችላል ነው ወይስ ሳይሆን አይቀርም?»