ስለ ሪቻርድ ቦልስ አንድ ነገር ልጨምር

ያነበብኩት ጽሑፍ ሪቻርድ ቦልስን «የሥራ ፍለጋ ደራሲ» ብሎ ብቻ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። ሰውዬው እኮ ቄስ ነበሩ! እ.ኤ.አ. በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሚያገለግሉበት ካቴድራል በበጀት እጥረት አሰናበታቸው። ከዚያ በኮሌጆች የሚያገለግሉ ካህናትም እንጀራቸው አደጋ ላይ መውደቁን ሲያዩ፣ በ1970 ምክራቸውን በራሳቸው ገንዘብ አሳተሙላቸው። «ፓራሹትህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» የተባለው የሥራ ፍለጋ መጽሐፋቸው የተጀመረው እንዲህ ነው። በኋላ ሚሊዮኖች ገዙት። እሳቸውም በየዓመቱ ማለት ይቻላል ያድሱት ነበር።

እኔ በጣም የምወደው በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን የአበባ ልምምድ ነው። ሲቪ ከመጻፍህ በፊት ወረቀት ላይ አበባ ያስሉሃል። በየቅጠሉ ላይ የምትችለውን፣ አብረውህ እንዲሠሩ የምትፈልጋቸውን ሰዎች፣ ልትኖርበት የምትሻውን ቦታ ትሞላለህ። ሥራ ያጣ ሰው «ምን ትችላለህ?» ሲባል አንገቱን ይደፋል። እዚህ ግን መልሱን ራሱ ቁጭ ብሎ ይጽፈዋል። ይህ ሳይነሳ መቅረቱ በእውነት ያስቆጫል።