መጀመሪያ ማይክህን አሳየን

ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አዳራሽ ተቀምጬ ደሜ ፈላ። የወጣት ድምፃውያን ውድድር ማብራሪያ ነበር። የባሕር ዳርና የአካባቢው ልጆች አንዳንድ ዘፈን ቀርጸው እንዲያስገቡ ተጠርተዋል። እሰየው የሚያሰኝ ነገር ነው። እስከ ደንቡ አራተኛ ነጥብ ድረስ። አራተኛው እንዲህ ይላል፦ «በታወቀ ብራንድ የስቱዲዮ ማይክ ያልተቀረጸ ሥራ ለውድድር አይቀርብም።» ቅጹ ላይም «የተቀረጸበት ማይክ» ተብሎ የሚሞላ ቦታ አለ።

ዘፈኑን ሳይሰሙ ማይኩን ይጠይቃሉ። ማሲንቆ ይዞ የመጣን ልጅ «ቆይ፣ ጭራው የየትኛው ፈረስ ነው?» እንደማለት ነው።

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ እኛ ያለን የቻይና ማይክ ነው። በእሱ ብንቀርጽ ምን ችግር አለው?» አለ። መድረኩ ላይ ከተቀመጡት ባለሙያዎች አንዱ ፈገግ አሉ። «የኒውማን ዩ 87 ማይክ ዲያፍራም እኮ በወርቅ የተለበጠ ነው። ያ ሞቅ ያለ ድምፅ የሚመጣው ከወርቁ ነው። የቻይናው ቆርቆሮ ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

እሺ፣ ከወርቁ እንጀምር።

ኮንደንሰር በሚባለው የስቱዲዮ ማይክ ውስጥ ድምፁን የሚቀበለው ዲያፍራም ስስ ፕላስቲክ ነው። ማይላር ይሉታል። ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ነው፤ ከራስ ፀጉር በብዙ እጥፍ ይሳሳል። ፕላስቲክ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ላዩ ላይ እስትንፋስ የምታህል ወርቅ ይረጩበታል። የወርቋ ሥራ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ነው፤ አለቀ። የተመረጠችውም ስለማትዝግ ነው። ሞቅታ ከወርቅ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ሐብል ያጠለቀ ዘፋኝ ሁሉ ሲዘፍን ባሞቀን ነበር።

ባለሙያው ያልነገሩን ደግሞ አለ። ያ «ቆርቆሮ» የተባለው የቻይና ትልቅ ዲያፍራም ማይክም በወርቅ የተለበጠ ነው። ያው ማይላር፣ ያው ወርቅ። ሁለቱን ከፍቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። የቅኔ አገር ጎጃም ላይ ተቀምጦ፣ ወርቅ ማለት ላይ ላዩን የሚያብለጨልጨው ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው ማየት ያሳዝናል።

ዋጋውን እናውራ። ኒውማን (ጀርመኖቹ ኖይማን ነው የሚሉት፣ እኛ ግን አንዴ ኒውማን ብለናል) እ.ኤ.አ. በ1928 በርሊን ላይ የተመሠረተ ድርጅት ነው። ዩ 87ን ያወጣው በ1967 ነው። ዛሬ አንዱ ከ3,000 ዶላር በላይ ይሸጣል። የውጭ ምንዛሪው በ2016 ሐምሌ ላይ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። አሁን ከ100 ብር በላይ ነው። ማባዛቱን ለእናንተ ልተወው፤ ቀረጥና ማጓጓዣ ስትጨምሩበት ግን ቁጭ ብላችሁ ይሁን። ይህን ነው እንግዲህ ከሹም አቦ ወይም ከዘጌ ተነስቶ ለሚመጣ ልጅ «የውድድር መስፈርት» ያሉት።

ደግሞ ቁጥር ይወዳሉ አይደል? እኔም ቁጥር ልጥቀስ። እያንዳንዱ ኮንደንሰር ማይክ የራሱ የሆነ ሹሹታ አለው። ማንም ሳይናገር፣ ማንም ሳይተነፍስ የሚሰማ ነው። አሁን ገበያ ላይ ያለው ዩ 87 ሹሹታው በአምራቹ መግለጫ 12 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው። የአውስትራሊያው ሮድ ኤንቲ1-ኤ 5 ዲሲቤል ነው። ዋጋው 200 ዶላር አካባቢ የሆነው ማይክ ከ3,000 ዶላሩ ይልቅ ጸጥተኛ ነው ማለት ነው። ይህን የጻፉት አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው።

«ሮድም እኮ ብራንድ ነው» ልትሉኝ ነው። ነው። ግን እንዴት ብራንድ ሆነ? ፒተር ፍሪድማን የተባለው የሲድኒ ሰው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ማይክ አስመጥቶ፣ ውስጡን ነካክቶና አሻሽሎ መሸጥ ጀመረ። ትናንት «ቻይና» የነበረ ዛሬ «ኦሪጅናል» ነው። የውድድሩ ኮሚቴ ያኔ ሲድኒ ቢሆን ኖሮ ሮድንም ከበሩ ይመልሰው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከዚህ በኋላ ትንሽ ብረዝም ታገሡኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ያበሳጨኝ ጉዳይ ነው። ድምፅን የሚሠራው ወይም የሚገድለው ክፍሉ ነው።

የባሕር ዳርን ቤቶች ታውቃላችሁ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ስስ ኮርኒስ። መሐል ላይ ቁሙና አንዴ አጨብጭቡ። ዝርርር የሚል ነገር ትሰማላችሁ። ክፍሉ ሦስት ሜትር ስፋት ካለው ድምፁ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ደርሶ ለመመለስ ከአንድ ሰከንድ ሃምሳኛ ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጅበት። ስለዚህ ልጁ አንዴ ሲዘፍን ግድግዳው ደጋግሞ ይዘፍናል። ማይኩ ሁሉንም ይሰማል። ማይኩ ውድ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም አጥርቶ ይሰማል!

ውጭውን ጨምሩበት። ባጃጁ አለ። መብራት ሲሄድ የጎረቤት ጀነሬተር አለ። ማለዳ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ አለ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ያለውን አልናገርም። ከሁሉ የሚብሰኝ ግን ቡና ነው። ልክ ልጁ አንጀት የሚበላውን ትዝታ ሲይዝ፣ ጎረቤት ሙቀጫ ውስጥ ቡና መወቀጥ ይጀምራል። ዷ፣ ዷ፣ ዷ። ዩ 87ን ለዚህ ቤት ብታመጡት ሙቀጫውን በበርሊን ጥራት ይቀርጽላችኋል።

እኔ ፔዳ አካባቢ ያለችኝን አንዲት ክፍል ያስተካከልኩት በቡልኮ ነው። አዎ፣ በቡልኮ። እናቴ ከዳንግላ የላከችልኝ ሁለት ነበሩ፤ ሁለት ገዝቼ ጨመርኩ። ግድግዳ ላይ አልለጠፍኳቸውም። አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጌ ሰቀልኳቸው። ምክንያት አለው። ግድግዳው ጋ ሲደርስ አየሩ መንቀሳቀሻ የለውም። ራቅ ሲል ነው የሚንቀሳቀሰው። ጥጥ የሚይዘው ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን አየር ነው። ያው ቡልኮ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍና በስንዝር ሲርቅ ልዩነቱ በጆሮ ይሰማል፤ በተለይ ወፈር ያለው የወንድ ድምፅ ላይ። (የእንቁላል ካርቶን የለጠፋችሁ፣ እግዜር ይቅር ይበላችሁ። ካርቶኑ ለእንቁላል ነው የተሠራው።) ከዚያ ጥጉ ላይ የጥጥ ፍራሽ አቆምኩ፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩ። አጨበጨብኩ። ዝርርሩ ጠፋ።

ሌላም በነጻ የሚገኝ ነገር አለ። ማይኩን ማስጠጋት። ከ40 ሳንቲሜትር ወደ 20 ስታስጠጉት የዘፋኙ ድምፅ ማይኩ ላይ 6 ዲሲቤል ገደማ ይጨምራል። የክፍሉ ጩኸት ግን ባለበት ይቆያል። ይህን 6 ዲሲቤል በብር ልግዛ ብትሉ ስንት ዩ 87 ትገዛላችሁ? አንዱም አይሰጣችሁም። አንድ እርምጃ ወደፊት ነው፤ በቃ። ከማይኩ ፊት ስስ ጨርቅ በሽቦ ወጥራችሁ ብታስቀምጡ «ፐ» እና «ጰ» እንዳይፈነዱ ያደርጋል። እሱም በነጻ ነው።

የዛሬ ዓመት ወዳጄን ለምኜ ውዱን ማይኩን ለአንድ ከሰዓት ተዋስኩ። ከእኔ ርካሽ ማይክ ጋር ጎን ለጎን አቆምኩት። አንድ ማሲንቆ የሚመታ ልጅ መሐል ተቀምጦ ዘፈነ። በአንድ ጊዜ በሁለቱም ቀረጽኩ። ድምፃቸውን እኩል አደረግኩ፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ከዚያ ለአምስት ሰው ስም ሳልነግር አሰማሁ። ሦስቱ ርካሹን መረጡ። አራተኛው «አንድ ነገር ነው የደጋገምክብኝ» አለ። አምስተኛው ውዱን ለየ። አምስተኛው የማይኩ ባለቤት ነው።

በዚህ አላበቃሁም። ልጁን ወደ ወዳጄ ሴራሚክ ክፍል ወስጄ በውዱ ማይክ ብቻ ቀረጽኩት። ከቡልኮው ክፍል የርካሽ ማይክ ቅጂ ጋር አወዳደርኩ። አምስቱም ቡልኮውን መረጡ። ባለቤቱም ጭምር! አምስት ሰው ጥናት አይሆንም ትሉኝ ይሆናል። ለእኔ ይበቃኛል። መድረክ ላይ ወርቅ ያወሩት ሰውዬ አንድ ሰውም አልጠየቁም።

ጥራት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም ብዬ እየተከራከርኩ አይደለም። ቢኤም 800 የሚባለውን ርካሽ ማይክ ሞክሬዋለሁ። ከውጭ ሲያዩት ግዙፍ የስቱዲዮ ማይክ ነው። ወንፊቱን ስትከፍቱት መሐሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ትንሽ ካፕሱል (ዲያፍራሙን የያዘችው ክፍል) ተቀምጣለች። ትልቅ ካባ የለበሰ ሕፃን። እሱን ለውድድር አታምጡ ቢሉ ዝም እል ነበር። ሌሎቹም ርካሾች ላይኛው ድምፅ ትንሽ ስል ይላል። የድሮውን የኒውማን ካፕሱል ቅርጽ ይቀዱና ላይኛውን ድምፅ የሚያለሰልሰውን ሰርኪት ይተዉታል። «ሰ» እና «ሸ» ያፏጫሉ። ኢኪው (የድምፅ ማስተካከያው) ላይ ትንሽ ዝቅ ታደርጉታላችሁ፣ አለቀ። ሁለት ደቂቃ ለማይፈጅ ሥራ 3,000 ዶላር?

«ውዱ ዕድሜ አለው» ይባላል። እስቲ ጣና ዳር አስቀምጡት። የዚያው የወዳጄ ማይክ ባለፈው ክረምት እርጥበት ገብቶበት ቸር ቸር ማለት ጀመረ። እዚህ የሚጠግን የለም። ወደ ውጭ ይላክ ቢባል ያው ዶላር ነው። እኔ የእኔን ሩዝ ከሞላሁበት ዕቃ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፌ አሳድረዋለሁ። ቢበላሽም ሌላ እገዛለሁ። ልቤ አይሰበርም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይህ ደንብ ማንን እንደሚጠቅም ሳስበው ነው። ፎርጅድ ሻጩን! ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ ውስጥ የሹር ኤስኤም 58 ማይክ «ኦሪጅናል» ተብሎ ተሸጠልኝ። ካርቶኑ፣ ጽሑፉ፣ ቦርሳው ሁሉ ልክ ነው። ቤት ወስጄ ስመዝነው ቀለለኝ። ኦሪጅናሉ 298 ግራም ነው፤ የእኔ ወደዚያ አልተጠጋም። ብመልሰው «አንተ ነህ የለወጥከው» ተባልኩ። ያ ማይክ በራሱ ስም፣ በራሱ ዋጋ ቢሸጥልኝ ኖሮ ቅሬታ አልነበረኝም። ሌባ ያደረገው ላዩ ላይ የተጻፈው ስም ነው። አሁን ኮሚቴው ለልጆቹ «ስም ያለው ማይክ አምጡ» ብሏቸዋል። የት ሄደው የሚገዙ ይመስላችኋል? በርሊን? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች በመጫኛ ታንቃ።

ደግሞስ ዘፈኑን የሚሰማው ማን ነው? ስልክ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ አንድ ጆሮ ብቻ በሚሠራ ኢርፎን። የእኛ ትውልድ ከካሴት በተገለበጠ ካሴት ሰምቶ ነው ያለቀሰው። ያኔ ሹሹታው ከዘፋኙ እኩል ይጮህ ነበር። «ማይኩ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

አዳራሹ ውስጥ ያፈረው ልጅ ትናንት ክፍሌ መጣ። ድምፁ ጉድ ነው። ቡልኮው መሐል አቆምኩት፣ ማይኩን 20 ሳንቲሜትር ላይ አደረግኩለት፣ ጎረቤቴን ቡናውን ለአንድ ሰዓት እንድታቆይልኝ ለመንኩ። ሁለት ጊዜ ዘፈነ፤ ሁለተኛውን ያዝን። ከዚያ ቅጹን አወጣ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ ሞላ። «የተቀረጸበት ማይክ» ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አነሳና አየኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምን ልበል?»

«ቡልኮ በል» አልኩት።

ጻፈ።