ባት ሲሸማቀቅ ወዲያው ማግኒዚየም?

«ስፖርት ስትሠሩ ባታችሁ ከተሸማቀቀ ማግኒዚየም ጎድሏችኋል» ማለት ችኮላ ነው። እንዲህ ያለው መሸማቀቅ ብዙውን ጊዜ ከጡንቻ ድካም ጋር የተያያዘ ነው፤ ቆም ብሎ የእግርን ጣቶች ወደ ራስ በመሳብ ባትን ማፍታታት ከእንክብል ቀድሞ ያስታግሳል። ማግኒዚየም ለጡንቻ ማስፈለጉ ግን አያከራክርም፤ ጡንቻ ጉልበት የሚያገኝበት ኤቲፒ ያለ እሱ አይሠራም፣ ካልሲየም ያኮማተረውን ለማላላትም ያግዛል።

ለአዋቂ ወንድ በቀን 400–420፣ ለሴት 310–320 ሚሊግራም ይበቃል። ከማዕድ ማግኘት ይቻላል። አንድ እፍኝ፣ ማለትም 28 ግራም ያህል፣ የተቆላ የዱባ ፍሬ 150 ሚሊግራም ገደማ አለው፤ አንድ ኩባያ የበሰለ ቆስጣም እንዲሁ (የተቀቀለበትን ውሃ ለወጡ ብትጠቀሙበት ደግሞ የበለጠ)። ጤፍም ጥሩ ምንጭ ነው። ውስጡ ያለው ፋይቴት የተባለ ውህድ ማግኒዚየሙን አስሮ ይይዛል፣ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ግን ይቀንሳል፤ ሳይቦካ የተጋገረ ቂጣ ይህ ጥቅም የለውም።

እንክብል የግድ ከሆነ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ርካሽ ቢሆንም ብዙም አይመጠጥም፣ ተቅማጥም ያመጣል፤ ማግኒዚየም ሲትሬት ይሻላል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው ማግኒዚየም አብሮ ከዋጠ መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ አይገባም፤ መድኃኒቱን ቢያንስ 2 ሰዓት ያስቀድም። ኩላሊቱ የደከመ ደግሞ ሐኪም ሳያማክር የማግኒዚየም እንክብል አይንካ።