የደብር ሹመት መሸጥ ይብቃ!

አሁንስ በዛ። እኛ አንገታችንን ደፍተን ስንሳለም፣ ጓሮ ወንበር ይሸጣል።

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ካህናት የሚበዙበት ሰፈር ስለሆነ ሻይ ቤት ቁጭ ያለ ሰው ብዙ ይሰማል። «እገሌ እኮ እዚያ ደብር ጸሐፊ ሆነ።» «በስንት ገባ?» ምን ተምሮ ነው ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ።

አንድ የማውቃቸው መሪጌታ አሉ። ጎጃም ቁራሽ ለምነው የተማሩ፣ የዜማ መጽሐፉን ድጓን ከነዜማ ምልክቱ የሚያውቁ ሰው። ሥራ ፍለጋ ሲሄዱ የጠበቃቸው ደላላ ነው። አዎ፣ ደላላ! «እጅ መንሻ ካልያዙ አይሆንም» አላቸው። ከየት ያምጡ? ዛሬም በየቀብሩና በየተስካሩ እየቆሙ ነው የሚኖሩት። ቦታውን የወሰደው ልጅ ውዳሴ ማርያም እንኳ ሳይደናቀፍ አይወጣለትም።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ መሬት ሲወርስ ቤተ ክርስቲያንም መሬቷን አጣች። ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው የምትኖረው በአስራት፣ በስለትና በሙዳየ ምጽዋት ነው። የከተማው ደብር ገንዘብ አለው፤ ሱቅም ያከራያል። የገጠሩ አጥቢያ ግን ዕጣንና ዘቢብ ይቸግረዋል። ስለዚህ ሁሉም ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። ፈላጊው ሲበዛ፣ የቅጥርና የዝውውር ደብዳቤ የሚፈርመው ዋጋ አወጣለት። ካህኑ ቢሰደድ አልፈርድበትም። ሻጩን ግን ምን ቸግሮት እንበለው?

የገዛውስ? የከፈለውን ማስመለስ አለበት። ከየት? እናቶቻችን መቀነታቸውን ፈትተው ዣንጥላው ላይ ከሚጥሉት ብር! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ጠንቋዩ ሲሞን መሠርይ የሐዋርያትን ሥልጣን በገንዘብ ሊገዛ ሲመጣ ቅዱስ ጴጥሮስ ከነብርህ ጥፋ ነው ያለው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ አለ። የሚሸጡትም ሰዎች ያውቁታል፤ ያስተምሩታልም። አቡነ ማትያስ በ2005 ዓ.ም. ፓትርያርክ ከሆኑ ወዲህ ስለ ሙስናው በአደባባይ ደጋግመው ተናግረዋል። ታዲያ ታች ያለውን ማን ነካው?

«ዝም በል፣ ገመና ነው» የሚሉኝ አሉ። በሻይ ቤት ዋጋው የሚጠራ ነገር ምኑ ገመና ነው?

ክፍት ቦታ ሲኖር በደብሩ ሰሌዳ ይለጠፍ። መሪጌታውን ሊቃውንት፣ ሒሳብ ሹሙን የሒሳብ ባለሙያ ይፈትነው። ውጤቱም ይለጠፍ። የሰበካ ጉባኤ ተመራጮች ደግሞ ገቢና ወጪውን በውጭ ኦዲተር አስመርምራችሁ ለሕዝቡ አንብቡልን። በእኛ አጥቢያ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይህንኑ ቢጠይቁ «ረባሾች» ተባሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ወላጆቻቸው አብረናቸው ቆመን እንጠይቅ።