አንድ በሬ፣ ስምንት መደብ

ሰሞኑን አንድ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብዬ የአንድ የሞሌኪውላር ባዮሎጂ ተመራማሪ ማንነት ሲነበብ ሰማሁ። መቶ ምናምን ፔፐር፣ ማለትም የታተመ የምርምር ጽሑፍ። ስንት ሺህ ሳይቴሽን፣ ማለትም በሌላ ፔፐር መጠቀስ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። «ለመሆኑ ምን አገኙ?» ብሎ የጠየቀ ባለጌ ግን አልነበረም። ተመስገን! እንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ነውር ነው።

ድሮ አንድን ሳይንቲስት ለመመዘን ሥራውን ማንበብ ግድ ነበር። ጂኑ ምን ይሠራል፣ ፕሮቲኑ ከማን ጋር ይጣበቃል እያሉ ዓይን ማጥፋት። ደግነቱ በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የካሊፎርኒያ የፊዚክስ ሊቅ ኤች ኢንዴክስ የሚባል መለኪያ አውጥቶ ገላገለን። እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሃያ ጊዜ የተጠቀሱ ሃያ ፔፐሮች ካሉህ ኤች ኢንዴክስህ 20 ነው። አለቀ። የዕድገት ኮሚቴው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተነስቶ ይሄዳል።

ቁጥሩን ማሳደግ ደግሞ ቅርጫ ለሚያውቅ ሰው አይከብድም። በሬው አንድ ነው፤ መደቡ ስምንት። ጂኑ በአይጥ ጉበት ውስጥ የሚሠራው አንድ ፔፐር ይሆናል። በኩላሊት ውስጥ የሚሠራው ሌላ። ጨጓራው ለብቻው ይወጣል። ምላስ ሰንበሩ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል፣ ያኔም ዕድገት አለ።

ዋትሰንና ክሪክ ምስኪኖች ቅርጫ አያውቁም። በ1953 የዲኤንኤን (የዘር መረጃ የሚይዘው፣ ሁለት ክር የተጠማዘዘበት ሞሌኪውል) ቅርጽ የሚያህል ነገር ከአንድ ገጽ ብዙም በማይበልጥ ጽሑፍ አስታወቁ። በሬውን ከነቀንዱ በአንድ ትሪ! ትንሽ ዘዴኛ ቢሆኑ የመጀመሪያው ክር አንድ ፔፐር፣ ሁለተኛው ክር ሌላ ፔፐር፣ «ክሮቹ ይጠማዘዙ ይሆን?» የሚል ደግሞ ሦስተኛ ይወጣቸው ነበር። የጠቀሱት ጽሑፍም ስድስት ብቻ ነው። ስድስት ሰው ጠርቶ ሠርግ አለ?

ዛሬ ግን መጠራራቱን ተምረናል። ሳይቴሽን እቁብ ነው። በዚህ ወር እኔ አንተን እጠቅሳለሁ፣ በሚቀጥለው ዕጣው ለእኔ ይወጣል። ሰው የማያምን ደግሞ ራሱን ይጠቅሳል፤ እቁቡን ብቻውን ይጥላል፣ ብቻውን ይበላል። ዳኛም ጸሐፊም አያስፈልገው። የፔፐሩ ደራሲዎች ስም ዝርዝር ላይም ቸርነታችን ወሰን የለውም። ፍሪጅ ያዋሰ ስሙ ይገባል። ፒፔት (የላብ ፈሳሽ መለኪያ) ከያዙ ዘመን የቆጠሩት የላብ ኃላፊም መጨረሻ ላይ በክብር ይቀመጣሉ።

በዚህ ጨዋታ የማያሸንፍ ሰው ምን እንደሚገጥመው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪዋን ካታሊን ካሪኮን ማየት ነው። ሴትዮዋ ኤምአርኤንኤ (ለሴሉ የፕሮቲን አሠራር መመሪያ የሚያደርስ ሞሌኪውል) ብላ ሙጭጭ አለች። ገንዘብ የሚሰጣት ጠፋ። በ1995 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ከደረጃዋ ዝቅ አደረጋት። አበጀ! በ2005 ከድሩ ዋይስማን ጋር ያወጣችው ፔፐርም ያን ጊዜ ብዙ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በእርግጥ በኋላ የኤምአርኤንኤ ኮቪድ ክትባቶች በዚያ ሥራ ላይ ተመሠረቱ፤ በ2023ም ሁለቱን ኖቤል አሸለማቸው። ግን ኮሚቴ ጠንቋይ ነው እንዴ? ፎርሙ ላይ «ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ዓለም ይፈልጋታል» የሚል ሣጥን የለም። ሣጥን ከሌለ ደግሞ ምልክት አይደረግም።

ምቀኛ አይጠፋምና በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች «ተመራማሪን በጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር (የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ በሚያሳየው ቁጥር) አትመዝኑት» የሚል መግለጫ አረቀቁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ፈረመ። ፈርሞም ወደ ቆጠራው ተመለሰ።

እኔ አንጀቴን የሚበላኝ ላሪ ነው። ላሪ ድመት ነው፤ የአንድ ተመራማሪ አያት ድመት። በ2024 ያ ተመራማሪና ጓደኛው የውሸት ፔፐሮችን በላሪ ስም አዘጋጁ። እነዚያን የሚጠቅሱ ሌሎች የውሸት ፔፐሮችንም ጨመሩ። የምርምር ጽሑፎችን ፈልጎ ሳይቴሽን የሚቆጥረው ጎግል ስኮላር ሳያቅማማ ቆጠረለት፦ 132 ሳይቴሽን፣ ኤች ኢንዴክስ 11። ሂርሽ ራሱ በዚያ የ2005 ጽሑፉ፣ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላለ የፊዚክስ ሰው ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት 12 አካባቢ ይበቃል ብሎ ነበር። ድመቱ ለአንዲት ነጥብ ቀረ! ብዙም ሳይቆይ ጎግል ሳይቴሽኑን ሰረዘበት። አይጥን ከሁላችንም አብልጦ የሚያውቅ ተመራማሪ እንዲህ በአጭሩ ተቀጨ።