ክርክር፦ «ካዛብላንካ»ን ያየ ሰው «ዘ ክሎክ»ን ማየት አለበት?

ደጋፊ

የጦርነት ጊዜ የፍቅር ፊልም ሲነሳ ሁሉም የሚጠራው «ካዛብላንካ»ን ነው። የእኔ ልብ ያለው ግን እ.ኤ.አ. በ1945 ቪንሰንት ሚኔሊ በሠራው «ዘ ክሎክ» ላይ ነው። በዘፈኗ የታወቀችው ጁዲ ጋርላንድ ትተውንበታለች፤ አንድም ዘፈን ግን አትዘፍንም። የ48 ሰዓት ፈቃድ ያገኘ ወታደር ኒውዮርክ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ከአንዲት የቢሮ ሠራተኛ ጋር ይገናኛል። የጫማዋ ተረከዝ ተሰብሮ፣ በዚያው ወሬ ይጀምራሉ። በማግስቱ የምድር ውስጥ ባቡር ግፊያ ይለያያቸዋል። ሙሉ ስሙን እንኳ አታውቅም!

ሠርጉን እዩልኝ። ቢሮው ሊዘጋ ሲል በጥድፊያ ይጋባሉ። የሚያልፈው ባቡር ጩኸት የአጋቢውን ቃል ይውጠዋል። ምግብ ቤት ሲቀመጡ ሙሽራዋ እንባዋ ይመጣል። ከዚያ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ገብተው የጋብቻውን ጸሎት ከመጽሐፉ ላይ ቀስ ብለው ለራሳቸው ያነባሉ። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ትዕይንት አላውቅም።

ተቃዋሚ

እህቴ፣ ጦርነቱ ታዲያ የታለ? ጥይት የለም፣ የሞተ የለም። «ካዛብላንካ» የታወቀው በዕድል አይደለም። ከተዋናዮቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ከናዚ የሸሹ ስደተኞች ነበሩ። የናዚውን መኮንን የሠራው ኮንራድ ፋይት እንኳ ከጀርመን የወጣው ሚስቱ አይሁዳዊት ስለነበረች ነው። የፈረንሳይ መዝሙር ሲዘመር ፊታቸው ላይ የምታየው ስሜት ከዚያ የመጣ ነው። የአንቺዎቹ ሙሽሮች ግን ምን ከፈሉ?

ደጋፊ

መለያየቱን ከፈሉ! ፊልሙ የወጣው ሜይ 1945 ነው። ከጃፓን ጋር የነበረው ጦርነት አላለቀም። ልጁ ይሂድ እንጂ ይመለስ አይመለስ ፊልሙ አይነግረንም። የዚያን ጊዜ ተመልካችም ስለ ራሱ ልጅ አያውቅም ነበር።

ተቃዋሚ

እሱን እቀበላለሁ። ግን እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገር ከፈለግሽ የ1959ኙ የሶቪየት ፊልም «ባላድ ኦፍ ኤ ሶልጀር» አለልሽ። ወታደሩ አልዮሻ እንደማይመለስ ገና ከመጀመሪያው ይነግርሻል። ፈቃድ አግኝቶ ሊያያት የሄደውን እናቱን የሚያገኛት እንኳ ለደቂቃዎች ነው።

ደጋፊ

እሱንማ ለእኔ ወገን ምስክር ነው የጠራኸው፤ ከ«ካዛብላንካ» ጋር ሲተያይ ስንቱ ሰው አይቶታል? በጉዞው ባቡር ላይ የተዋወቃት ሹራ እጮኛ አለኝ ያለችው ውሸት እንደነበር ስትነግረው፣ ፍቅሯን እየገለጸችለት እንደነበር አልዮሻ የሚገባው ከተለያዩ በኋላ፣ ባቡሩ ላይ ሆኖ ነው።

ዛሬ ማታ «ባላድ ኦፍ ኤ ሶልጀር»ን ክፈቱት። ነገ ደግሞ «ዘ ክሎክ»ን።